ማዶ ያለችው ልጅ

ወንድሜ ይስላል፣ እኔ ፊደል እጽፋለሁ። ሥራችሁ ምንድን ነው ሲሉን እንዲህ ብለን ነው የምንመልሰው። እሱ የሥዕል ታሪኩን ገጽ ስሎ ሲጨርስ፣ ሰዎቹ የሚናገሩበትን ክብ ባዶውን ይተውልኛል። እኔ ደግሞ በቀጭን ብዕር ቃላቸውን እሞላዋለሁ። ከማተሚያ ቤቱ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ረጅም ጠረጴዛ ለሁለት ተካፍለን፣ የታችኛው ማሽን ወለሉን እያንቀጠቀጠብን፣ ዕድሜያችንን እዚያው ፈጀነው። ታላቄ ስለሆነ ጋሼ ነው የምለው። አሳታሚያችን ደግሞ «ዓይንና አፍ» እያለ ይጠራን ነበር።

ጋሼ ያለችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ገና ዓመት ሳይሞላት የወንበር እግር ይዛ ብድግ ስትል እሱ ነበር አጠገቧ። ሰው ሁሉ ለሕፃን እንደሚለው «ወፌ ቆመች፣ ወፌ ቆመች» እያለ አጨበጨበላት። ከዚያ ወዲያ ስሟ ወፌ ሆኖ ቀረ። የጎረቤት ሰው እንኳ እውነተኛ ስሟን አያውቀውም ነበር።

አራት ዓመቷ ላይ ትኩሳት ያዛት። እናቷ ነርስ ናት፤ የምታውቀውን ሁሉ አደረገች፣ ሐኪሞቹም አደረጉ። ትኩሳቱ ሲለቃት ግን ግራ እግሯን ይዞባት ሄደ። ከጉልበቷ በታች ሟሸሸ። ቆዳ ማሰሪያ ያለው የብረት ድጋፍ ተሠራላት። ጠዋት ጠዋት የምታስርላት እናቷ ነበረች። ጋሼ በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ የሚፈልገው ነገር ይጠፋበታል፤ አንዴ ቁልፉን፣ አንዴ መነጽሩን ሲፈልግ ጓዳ ለጓዳ ይዞራል።

በዚያን ጊዜ ዘብ የሚባል ጀግና የነበረው የሥዕል ታሪክ እንሠራ ነበር። ዘብ ይበራል፣ ግድግዳ ይሰነጥቃል፣ ሌባ ይይዛል፤ እንደ ማንኛውም ጀግና ነው። አንድ ቀን ጋሼ አሳታሚው ፊት ቁጭ አለና «አንድ ሌላ ከተማ አለ እንበል» አለ። «ይቺው ከተማ፣ ይኸው መንገድ፣ ይኸው ሰው። እያንዳንዳችን እዚያ አምሳያ አለን። እዚህ ሌባ የሆነው እዚያ ዳኛ ነው። እዚህ ባሏ የሞተባት እዚያ ከባሏ ጋር ገበያ ትወጣለች። የዘብ ኃይል ደግሞ እዚያ የደረሰው ለዘብ ሳይሆን ለአንዲት ትንሽ ልጅ ነው።»

«ልጅቷ ስሟ ማነው?» አለ አሳታሚው።

«ወፌ» አለ ጋሼ። ወደ እኔ አላየም።

ለመሞከሪያ ጥቂት እትሞች ተፈቀዱለት። መጽሔቱን «ማዶ» አልነው። መሞከሪያው ሃያ ዓመት ገደማ ቆየ። የዘብን ታሪክ ሰው ረሳው፤ ማዶን ግን አንብበውት ያደጉ ሰዎች ዛሬ ለልጆቻቸው ይገዛሉ።

ልጅቱ ከትምህርት ቤት ወደ እኛ ነበር የምትመጣው። ደረጃው የእንጨት ነው፤ ብረቷ ሲያርፍበት ከሩቅ ይሰማል። ጋሼ ያንን ድምፅ ሲሰማ እጁን ወደ ሬዲዮው ይሰድና ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እሷ ገብታ፣ ላቧን ጠርጋ፣ ጉንጩን ትስመዋለች። እሱም «ቀና በይ፣ ፊትሽን ወደ ብርሃኑ» ይላታል። ፊቷን፣ አንገቷን፣ ንፋስ የሚበትነውን ጸጉሯን ከእሷ ይስላል። እግር ላይ ሲደርስ ወደ መስኮቱ ይዞራል። ከታች ባለው ግቢ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች ልጆች ገመድ ይዘላሉ። የማዶዋን ወፌ እግር የሚስለው ከእነሱ ነበር።

ልጅቱ ይህን መቼ እንዳወቀች አላውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመቷ ይሆናል፣ እኔ ጎን ተቀምጣ ገጹን ስታይ ቆየችና «አክስቴ፣ ይሄኛው ከታች ገመድ የምትዘለዋ የቀይዋ ልጅ እግር ነው አይደል?» አለችኝ። ቅሬታ አልነበረባትም። እንዲያውም የሷን ፊት ከልጅቷ እግር ጋር አስተካክሎ መግጠሙ የገረማት ነው የሚመስለው።

ቆይቶ ግን ትምህርት ቤት መጽሔቱ ሲለመድ ነገሩ ተለወጠ። ወፌ ብለው ሲጠሯት የሚስቁ ልጆች መጡ። ቤት ገብታ እራት ላይ «ከዛሬ ጀምሮ በሰው ስም አትጥሩኝ» አለች።

«የማን ስም ነው ደግሞ?» አለቻት እናቷ።

«የሷ። ወፌ እሷ ናት።»

ሳቅን። ልጅ ነችና ትረሳዋለች ብለን ነበር። አልረሳችውም። ወፌ ብለን ስንጠራት ዝም ትላለች፤ ቀስ በቀስ ልጅት እያልን መጥራት ጀመርን። ጋሼ ግን ሁለቱንም ስም ተወው፤ «እስቲ ጥሪያት» ይለኛል።

ልጅት አደገች። የብረት ድጋፉን ገና በኮረዳነቷ ጣለችው፤ ጫማዋ ውስጥ የሚገባ ቀላል ድጋፍና አንድ ቀጭን ምርኩዝ በቂዋ ሆነ። ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች። ኋላ ሬዲዮ ጣቢያ ተቀጠረችና ከሰዓት በኋላ ስለ መጻሕፍት መናገር ጀመረች። ጥሩ ስም ነበራት። ያላነበበችውን አታሞግስም፣ የማትወደውን ደራሲ አታዋርድም። ደራሲዎች ይፈሯታል፤ ሥራቸውን ሳታነሳ ከቀረች ግን ይበልጥ ይከፋቸዋል። ጋሼ በዚያ ሰዓት ብዕሩን አስቀምጦ ነው የሚያዳምጣት። ስለ ማዶ ግን አንድም ቀን ተናግራ አታውቅም።

የከተማው ቤተ መጻሕፍት የማዶን ረጅም ዕድሜ ምክንያት አድርጎ ውይይት ሲያዘጋጅ፣ ስለ ጥንካሬውና ስለ ድክመቱ እንድትናገር የጠራው እሷን ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ነገሩ የሚያምር መስሎት ነበር፤ አባት ሠርቶ ልጅ ስትመዝን። ልጅት ወዲያው አልተቀበለችም። ወደ ሥራ ክፍላችን መጥታ ከጋሼ ፊት ወንበር ሳበች።

«አባዬ፣ እምቢ ልል እችላለሁ። እሺ ካልኩ ግን እንደ ልጅህ አይደለም የምናገረው።»

«እኔስ እንደ ልጄ ተናገሪልኝ አልኩሽ? ሥራሽን ሥሪ።»

«እውነቴን ነው።»

«እኔም እውነቴን ነው» አለ። ደስ ብሎት ነበር። ከሄደች በኋላ «ጠንካራ ጎኑን ሳትጠቅስ አታልፍም» አለኝ፤ ደግሞ ቆየት ብሎ «የቱን እትም ታነሳ ይሆን?» አለኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እኔም ብሆን ይህን ያህል አልጠረጠርኩም።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ጋሼ ከፊት ተቀምጧል፣ ሚስቱ በቀኙ፣ እኔ በግራው። ልጅት ምርኩዟን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣ ወረቀት ሳትይዝ ጀመረች።

ጥንካሬውን ስትናገር ሰው ፊቱ በራ። «ሌሎች ጀግኖች አያረጁም» አለች። «የማዶ ልጅ ግን ከአንባቢዋ ጋር አድጋለች። ጥርሷ ወልቆ አይተናል፣ ብጉር ሲያሳፍራት አይተናል። ከተማዋን ደግሞ እዩ። ጀግናዋ ከጣሪያ ጣሪያ ስትበር ከሥር ሰው ልብስ ያሰጣል፣ ዳቦ ይሰለፋል። ሌባው አምሳያው የሆነውን ዳኛ ተገናኝቶ፣ ሁለቱም ተፋፍረው ዝም ያሉበት እትም አለ። ከዚያ እትም በኋላ እኔ በራሴ ላይ ለመፍረድ መቸኮል ትቻለሁ። ፊደሉ ራሱ ይናገራል፤ ሹክሹክታው ሲያንስ፣ ጩኸቱ ሲወፍር ጆሮ ይሰማዋል።» ይህን ስትል ሰው ወደ እኔ ዞረ፣ እኔም አቀረቀርኩ።

ከዚያ ወደ ድክመቱ አለፈች። መጀመሪያ ያነሳችው ብዙ ሰው የሚያማውን ነው። በማዶ ሰው ይሞታል፤ ሁለት እትም ሳይቆይ ከሌላ ዓለም አምሳያው ይመጣና ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ዓለማቱ ሲበዙ ሞት ረከሰ። «ተመላሽ መሆኑን ካወቅን ለማን እናለቅሳለን?» አለች። ጋሼ ራሱን ነቀነቀ፤ ይህን እሱም ያምንበታል።

«ዋናው ድክመት ግን ይሄ አይደለም» አለች ልጅት። ውሃ ተጎነጨች። «በማዶ ሁሉም ሰው አለ። ሌባ አለ፣ ዳኛ አለ፣ መንታ አለ፣ መናፍስት ሁሉ አሉ። የሚያነክስ ሰው ግን የለም። ዓይኑን ያጣ የለም፣ ጆሮው የማይሰማ የለም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፈልጌያለሁ። ደራሲው የሚወደውን ዓለም ሲሠራ እኛን ሳያስገባ በሩን ዘጋው። ልጅ ሆኜ እያንዳንዳችን ማዶ አምሳያ አለን ሲሉኝ የኔን ፈለግኩ። የምትበረዋ ናት አሉኝ። አይደለችም። አምሳያ የሚባለው፣ በአንተ የደረሰው ደርሶበት ሌላ መንገድ የመረጠ ነው። እሷ የኔ አምሳያ አይደለችም። በኔ ቦታ የተተካች ናት።»

አንድ ሽማግሌ ከኋላ ተነስተው «ልጄ፣ ለመሆኑ ማዶን ትወጂዋለሽ?» አሏት።

«በጣም» አለች። «ሁሉንም በቃሌ አውቀዋለሁ። ስቀናባት ነው የኖርኩት።»

ወደ ቤት ሄድን። በር ላይ ስንደርስ የጋሼ ሚስት «እግሯን እኮ አንድ ቀን አስረህላት አታውቅም» አለችው። በቁጣ አልነበረም፤ ልክ አሁን ትዝ እንዳላት ነገር ነው ያወጣችው። እሱ ጫማውን መፍታት አቅቶት ብዙ ደቂቃ አጎንብሶ ቆየ።

በማግስቱ ሥራ ስገባ ለሚቀጥለው እትም የተዘጋጁትን ገጾች ቀዳዶ ወለሉ ላይ በትኗቸው አገኘሁት። አዲስ እየሳለ ነበር። ምሳ ሳይበላ፣ ቀና ሳይል ሳምንታት ሠራ። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ ወፌ ትኩሳት ይይዛታል። ኃይሏ ይጠፋል፣ እግሯ ይሰንፋል። ከዚያ መስኮት ሥር ትቀመጣለች። ከተማው በሙሉ መንገድ ላይ ቆሞ ወደ መስኮቷ እያየ ያለቅሳል። ገጽ ከገጽ ዝናብ ነው። በሕይወቱ ከሳለው ሁሉ የበለጠ ያማረ ነበር፤ ፊደሉን ስጽፍ ዕንባዬ ቀለሙን እንዳያበላሽ ፊቴን አርቄ ነው የጻፍኩት።

ቢሆንም ሆዴ አልተቀበለውም። «ጋሼ፣ ለሷ አስቀድመህ ብታሳያት?» አልኩት።

«ስጦታ አስቀድመው ያሳያሉ እንዴ?» አለኝ።

እትሙ ወጣ። አንባቢ አለቀሰ። አሳታሚው በደስታ የሚያደርገውን አጣ። በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ቀን ከደረጃው ላይ የምርኩዝ ድምፅ ሰማን። ጋሼ ሬዲዮውን አልነካም። ተነስቶ ቆመ።

ልጅት መጽሔቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር።

«አሁን ደግሞ አለቀስክላት» አለች።

«ያልሽውን ነው ያደረግኩት። የለሁበትም አልሽ፣ አስገባሁሽ።»

«ይቺ እኔ ናት? አባዬ፣ እኔ መቼ ነው መስኮት ሥር ተቀምጬ ያለቀስኩት? ትምህርት ቤት ነበርኩ። ስስቅ፣ ስጣላ፣ ፈተና ስኮርጅ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ከዚህ ደረጃ በቂጤ ተንሸራትቼ ወርጄ አክስቴን በሳቅ ገድያታለሁ። ጠይቃት።»

እውነቷን ነው። ራሴን ነቀነቅኩ።

ገጹን ገለጠችና በጣቷ አሳየችው። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ድጋፍሽ ነዋ።»

«የቆዳ ማሰሪያ ያለው ብረት። አባዬ፣ ይሄንን ከጣልኩት ስንት ዘመኔ ነው? ያደገች ሴት እግር ላይ የአምስት ዓመት ልጅ ብረት አስረሃል።» ድምጿ እዚህ ላይ ተሰበረ። «ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸኝ ያኔ ነው ማለት ነው።»

ጋሼ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለ። እጁ እንደ ልማዱ እርሳስ ፈለገ። ወረቀት ሳበና «ተቀመጪ» አላት። «ተቀመጪልኝ፣ አሁን ልይሽ። እንዳለሽ ልሣልሽ።»

«አትሣለኝ። ሳትስል እየኝ።»

እርሳሱን አስቀመጠ። ልጅት ከጠረጴዛው ተነስታ ወደ በሩ ሄደች፣ ከበሩም ተመለሰች። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ መንገዱ አጭር ነው። ግራ እግሯ ትንሽ ወደ ውጭ ዞሮ ያርፋል፣ ትከሻዋ ዝቅ ይላል፣ ምርኩዟ ቀድማ ትጠብቃታለች። እኔ ስንት ጊዜ ያየሁት አረማመድ ነው። ጋሼ ዓይኑን አላሸሸም። እስክትመለስ ድረስ ግን ፊቱ በዕንባ ታጥቦ ነበር።

ልጅት ቆማ አየችው። «ይኸው ነው» አለች ቀስ ብላ። «በሩ ድረስ ሄጄ መጣሁ እንጂ ምን ሆንኩ? እኔን ስታይ የሚታይህ ይሄ ብቻ ነው።»

«ልጄ ስለሆንሽ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። ግንባሩን ሳመችው። «አውቃለሁ አባዬ። እኔ ግን ደከመኝ።»

ደረጃውን ስትወርድ ሁለታችንም አልተከተልናትም። የታችኛው ማሽን ድምፅ እስኪውጣት ድረስ አዳመጥናት።

ብዙም ሳይቆይ ሩቅ ከተማ ያለ ሬዲዮ ጣቢያ ሥራ አገኘችና ሄደች። ከዚህ የተነሳ ነው አላለችም፤ የተሻለ ቦታ ነው አለች፤ እውነትም የተሻለ ነው። ጋሼ ለአሳታሚው በቃኝ አለ። አሳታሚው ማዶን ለሌላ ወጣት ሰዓሊ ሰጠው። ወጣቱ በሁለተኛው እትም ወፌን ከሌላ ዓለም በመጣ መድኃኒት ፈወሳትና እንደገና አበረራት። አንባቢም እፎይ አለ።

ልጅት በሳምንት አንዴ ለእናቷ ትደውላለች። «አባዬስ?» ትላለች። «አለ፣ ደህና ነው» ትላታለች እናቷ፤ ስልኩን ወደ እሱ ስትዘረጋለት በእጁ ምልክት ይሰጣታል፤ ሌላ ጊዜ እንደ ማለት። ምን እንደሚላት ስለማያውቅ ነው እንጂ ኩራት አይደለም። በሥዕል ሌላው የማይችለውን የሚናገር ሰው፣ አፍ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ክቡን ባዶ ትቶ ለኔ ነበር የሚያቀብለው።

ያለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ለማንም ሳይናገር አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄደ። መናኸሪያ ደርሶ ነው የደወለላት። መጥታ ተቀበለችው። ቤቷ ቅርብ ነው፣ በእግር እንሂድ አለችው። በዚያው ቀን ተሳፍሮ ተመለሰና በማግስቱ እኔ ቤት መጥቶ ቁጭ አለ፤ ሻይ አቀረብኩለት፣ አልጠጣውም።

«አረማመዷን አላውቀውም» አለኝ።

«እንዴት?»

«መንገድ ላይ። እኔ ለእሷ ብዬ ቀስ አልኩ። እሷ ቀደመችኝ፤ ፈጣን ናት ለካ። ደርሼባት ልሄድ ስል ደግሞ ዳገት መጣና አለፍኳት። ቆሜ ጠበቅኳት። ‹አትጠብቀኝ አባዬ፣ ሂድ፣ እደርስብሃለሁ› አለችኝ። ብሄድ ትቻት የሄድኩ ይመስለኛል። ብቆም ደግሞ ያው ‹የሚታይህ ይሄ ብቻ ነው› ያለችኝ ነገር ነው። እስከ ቤቷ ድረስ አንድ እርምጃ እኩል አልተራመድንም።»

ቤቷ ገብተው ምሳ በሉ። ስለ አየሩ አወሩ፣ ስለ እናቷ ጉልበት አወሩ። ጎረቤት ገባች፤ «አባቴ ነው፣ ሰዓሊ ነው» ብላ አስተዋወቀችው። ስለ ማዶ ማንም አላነሳም። እደር አለችው፣ ሥራ አለብኝ አለ፤ ሥራ እንደሌለው ሁለቱም ያውቃሉ። መናኸሪያ ድረስ ልሸኝህ ስትለው እምቢ አላት።

«ለምን እምቢ አልክ?» አልኩት።

«እንደገና አብረን መሄድ ሊኖርብን ነዋ» አለ። ሲጋራ ትቶ ስንት ዘመኑ ነው፤ ኪሱን ግን ዳበሰ። «ሃያ ዓመት ሣልኳት አይደል? ስትሮጥ፣ ስትዘል፣ ከደመና በላይ ስትሄድ። አንድ ቀን አብሬያት ገበያ ወጥቼ ቢሆን ኖሮ አውቀው ነበር እኮ።»

ያጽናናሁት መስሎኝ «ገና ነው፣ ትለምደዋለህ» አልኩት።

«ልጅ ሳለች ነበር መልመድ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አልሄደም። ለምን እንደማይሄድ ስጠይቀው «አልጠራችኝም» ይላል። እሷን ስጠይቃት «አባት ተጠርቶ ነው እንዴ የሚመጣው?» ትላለች። እኔ መሃላቸው ቆሜ ለሱ የሷን፣ ለሷ የሱን ደህንነት እነግራለሁ። ደህና ነች እላለሁ፣ ደህና ነው እላለሁ። ሁለቱም ደህና አይደሉም።